ለስልጠና የሰጠሁት ድምፅ

ባለፈው የኡራኤል ዕለት ተሳልሜ ስወጣ የደም ግፊት መድኃኒቴ ማለቁ ትዝ አለኝና አስፋልቱን ተሻግሬ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ ነጭ ጋወን የለበሰችውን ልጅ፣ «ጤና ይስጥልኝ የኔ እመቤት፣ ይቺ መድኃኒት ትገኛለች?» አልኳት። ይህን ከማለቴ ከኋላዬ የቆመ ክራቫቱን ያላላ ጎልማሳ፣ «እሷ ናት! ብሬን የበላችው ሴትዮ እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ። ፋርማሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ደርቄ ቀረሁ። ሰውየው ፊቴን ሲያይ እሱም ደነገጠ። «ውይ፣ ይቅርታ እማማ! ማለቴ፣ ድምፅዎ ነው። በአንድ የገንዘብ መላኪያ አፕ የላክሁት ብር መሃል ላይ ቀርቶብኝ ስደውል ስልኩን የምታነሳ ማሽን አለች። ‹ይታገሡኝ የኔ ወንድም› እያለች ግማሽ ቀን ታቆመኛለች። በቃ ቁርጥ እርስዎን!» ሰዉ ሳቀ። እኔም በይሉኝታ አብሬ ሳቅሁ። መድኃኒቴን ይዤ ስወጣ ግን ደጃፉ ላይ ካለው ደረጃ ቁጭ አልኩ። ማሽኗን አውቃታለሁ። ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ።

ድሮም የምታወቀው በድምፄ ነበር። ካዛንቺስ፣ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ከፍ ብሎ በነበረ አንድ ሆቴል ስልከኛ ሆኜ ስቀጠር ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ የጭንቅ ነበር፣ ሰዓት እላፊ ነበር፤ ስለ እሱ የሚያውቁት ይጻፉ። እኔ የማስታውሰው ቀሚሴን ነው፤ ቡናማ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው፣ ፒያሳ የተሰፋ። ወንዶቹ አፍሯቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው የካዛንቺስን አቧራ በቤልቦተም ሱሪያቸው ይጠርጉ ነበር። በስሙኒ ከስታዲየም በትንሿ ሰማያዊ ፊያት ተጨናንቀን፣ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ እንመጣለን፤ ያኔ አንድ ማኪያቶ ከነኬኩ የምንጠጣበት ሳንቲም ዛሬ ለልጅ አንዲት ከረሜላ አይገዛም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ቤት ነበር፣ እያንዳንዱም ቤት የራሱን ሸክላ ያዞራል። ከታች ተነስቼ ሆቴሉ እስክደርስ የአንዱን ዘፈን መግቢያ፣ የሌላውን መሃል፣ የሦስተኛውን መጨረሻ እየሰማሁ፣ አንዱንም ሙሉውን ሳልሰማ ሥራ እገባለሁ። ዛሬ ያ መንገድ ሰፍቶ መብራትና አበባ ተተክሎበታል፤ አምሮበታል፣ አልዋሽም። ቤቴ የነበረበትን ቦታ ለማወቅ ግን ከኡራኤል ጉልላት ጀምሬ በዓይኔ መለካት አለብኝ።

የስልኩ ክፍል ከደረጃው ሥር ነበር። መስኮት የለው፤ ከፊቴ ቀዳዳ የሞላው ሰሌዳ፣ ጆሮዬ ላይ የቀደመችኝ ተረኛ ፓውደር የሚሸት ማዳመጫ። አንዱን ገመድ ነቅዬ ሌላው ቀዳዳ ላይ ስሰካ ሁለት ሰው ይገናኛል። ሥራ አስኪያጁ «ሄሎ» ብለሽ የሆቴሉን ስም ጥሪ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የምለው «አቤት» ነበር። ሰው ሲጠራሽ «ሄሎ» ይባላል እንዴ? ኋላ እሱም ለመደው። በዚያ ሰዓት እላፊ ዘመን ባሏ ያልገባላት ሴት ሁሉ እኔ ጋ ትደውላለች። «እቴ፣ እባክሽ፣ እዚያ አለ?» ትላለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ለሰው ሚስት «የለም» ማለት ምን ማለት እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «ወጣ ብለዋል፣ እስኪ ይታገሡኝ» እላለሁ። ከዚያ ባሩን፣ አልጋ ክፍሎቹን፣ ጓሮውን ሁሉ አስፈልጌ፣ ሰውየው ተገኝቶ «አለሁ» ሲላት ስሰማ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ያላገኘሁላቸውም ነበሩ። ለእነሱም «ወጣ ብለዋል» ነው ያልኳቸው።

ሰፈሩ በዚህ ያውቀኛል። ሥጋ ቤት ገብቼ «ግማሽ ኪሎ» ስል ባለ ሥጋው ቢላዋውን አስቀምጦ፣ «ስልከኛዋ!» ይልና ከጥሩው ይቆርጥልኛል። የልጄ የማህሌት አባት እንኳ በድምፄ ነው የመጣው። ከአንድ መሥሪያ ቤት እየደወለ ከማይፈልገው ሰው ጋር አገናኚኝ ይለኝ ነበር፤ በመጨረሻ በአካል መጥቶ ከደረጃው ሥር ሲያገኘኝ፣ «ረጅም ሴት ነበር የመሰልሽኝ» አለኝ። «አንተም ሀብታም ነበር የመሰልከኝ» አልኩት። በዚሁ ተጋባን፣ ነፍሱን ይማረው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ የሚቀጠሩትን ስልከኞች የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ፤ ሌሎች ሆቴሎችም ልጆቻቸውን ይልኩልኝ ነበር። ገመዱ ቀርቶ ቁልፍ መጣ፣ ቁልፉ ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ፤ የማስተምረው ግን ያው ነው። ስም ከመጥራትሽ በፊት ቆም በይ፣ ሰው ስሙን ሲሰማ ትንፋሽ ይወስዳል። የተቆጣን ሰው አትቅደሚው። «የለም» አትበይ። ስልጠና ማለት ለእኔ ይህ ነበር፤ ልጅቷን አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ ስትሳሳት ጉልበቷን መታ አድርገሽ፣ ሲገባት አብረሽ ሻይ መጠጣት።

ማህሌት አንድ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ብዙ ከተንከራተተች በኋላ፣ በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፍና የሚያበድር አፕ ያለው አንድ ኩባንያ የደንበኛ ስልክ በሚመልሰው ኮል ሴንተሩ ውስጥ ቀጠራት። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲመጡ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ነው። ባለቤቱ ናሆም ይባላል፤ ከልጄ እምብዛም አይበልጥም። ሁልጊዜ ጥቁር ቲሸርትና ነጭ ስኒከር ነው፤ ሲያዩት ተላላኪ ይመስላል፣ የመኪናው ዋጋ ግን ለኛ ግቢ ሰው ሁሉ ቤት ያሠራ ነበር። ማህሌት መጀመሪያ ሰሞን ስለ እሱ ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር። «እማዬ፣ እዚያ አለቃ ምናምን የሚባል ነገር የለም እኮ። ናሆም ብለን ነው የምንጠራው። ሁላችንም ፋሚሊ ነን ነው የሚለው።» የሰጧት ቲሸርት ጀርባ ላይም ይኸው ተጽፏል። እኔ ግን ምሳ ዕቃዋን የማጥበው እኔ ነኝና ጥያቄ ነበረኝ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ኮምፒውተር አዋቂዎች በነፃ ምሳ ይበላሉ፣ ከውጭ የመጣ የቡና ማሽን አላቸው፣ ደመወዛቸውም በዶላር ይታሰባል ይባላል። የስልክ ልጆቹ ከቤት የቋጠሩትን ደረጃ ላይ ተደርድረው ይበላሉ። «ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ አንዱ ደረጃ ላይ የሚበላበት?» ስላት፣ «እማዬ ደግሞ! ስታርትአፕ እኮ ነው፣ ገና ጀማሪ። ሲያድግ ሁላችንም እናድጋለን» ትለኛለች። ሰፈራችን ተነስቶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ስንገባም ይቺን ተስፋ ይዛ ነው የጸናችው። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ከአንዱ ታክሲ ወደ ሌላው እየተጋፋች፣ ተወልዳ ያደገችበት ቦታ ላይ ለመሥራት ካዛንቺስ ትገባ ነበር።

አንድ ቀን ፊቷ ፈክቶ መጣች። ለካ ለሥራ ጓደኞቿ ስለ እኔ ታወራ ኖሯል፤ እናቴ የካዛንቺስ ስልከኛ ነበረች እያለች። ወሬው ናሆም ጆሮ ደርሶ፣ «እናትሽን አምጪልን፣ ድምፅዋን ለስልጠና እንፈልገዋለን» አላት። ለስልጠና! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀሚሴን ተኩሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ፣ ጠባብ፣ መስኮት የሌለው ነው፤ ከደረጃው ሥር የነበረችውን ክፍሌን መሰለኝና ወደድኩት። አንብቢ ብለው የሰጡኝ ወረቀት ግን «ውድ ደንበኛችን፣ እባክዎ በመስመር ላይ ስለቆዩ እናመሰግናለን» የሚል አማርኛ ነው። «ይሄንን እኮ ሰው አይናገረውም» አልኳቸው። ናሆም ራሱ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጢጥ አለ። «ማዘር፣ እርስዎ እንደሚሉት ይበሉልን። በቃ፣ ነፃ ሆነው።» እኔም አልኩ። አቤት አልኩ፣ ይታገሡኝ አልኩ። የክርስቲያኑን የእስላሙን፣ የወንዱን የሴቱን ስም ሁሉ ቆም እያልኩ ጠራሁ። አንዱ ልጅ የተናደደ ደንበኛ እየሆነ ሲጮህብኝ እኔ እያባበልኩ ሳበርደው፣ ከመስታወቱ ወዲያ የምታየኝ ማህሌት እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። ብዙ ቀን ተመላለስኩ። ስለ ክፍያ አላነሳሁም፤ ከልጄ አሠሪ ጋር ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር መሰለኝ። ሲያልቅ ናሆም ጉንጬን ስሞ ቲሸርትና ጃንጥላ ሰጠኝ፣ እኔም «የነካኸው ይባረክልህ» ብዬ መረቅሁት። ለስልጠና ሲሉኝ እኔ በሐሳቤ የማያቸው አዳዲስ የሚቀጠሩ ልጃገረዶችን ነበር። ማሽንም እንደ ሰው ይሠለጥናል፣ እነሱም ይህንኑ «ማሠልጠን» ይሉታል ብሎ የነገረኝ የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ ማህሌት አንድ ቀን በጠዋቱ ተመለሰች። ያመማት መስሎኝ ግንባሯን ዳሰስኩ። እሷ ምንም ሳትናገር ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ድምፁን ከፍታ ኩባንያው ጋ ደወለች። «አቤት፣ ጤና ይስጥልኝ» አለ ስልኩ። እኔ ነኝ። ቁርጥ እኔ፣ እንዲያውም ጉንፋን የማይዘው፣ የማይደክመው እኔ።

«ሠልጥና ጨረሰች» አለችኝ ማህሌት።

«ማን?»

«ማሽኗ። ያንቺ ድምፅ። ከዛሬ ጀምሮ እኛ አናስፈልግም።»

የተነገራቸው በቴሌግራም ግሩፓቸው ነው፤ ከሥሩ የልብ ስዕል ነበረው። ሳምንት ሳይቆይ ናሆም ከውጭ ባለሀብቶች ብዙ ገንዘብ ማግኘቱ ተወራ፣ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ተደግሶ ሲጨፍሩ የተነሱት ፎቶም በየስልኩ ዞረ። ልጄ የቤተሰቡን ቲሸርት ለብሳ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ፎቶውን ስታይ አገኘኋት። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ በወደድኩ። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ግን ስለ መባረሯ ቅሬታ አስገብታ ስለነበር ማሽኗ በየጊዜው፣ በየተለያየ ቁጥር ትደውልላት ጀመር። ትንሽ ቆም ትልና፣ ልክ እንዳስተማርኳት፣ «ማህሌት፣ ጥያቄሽ በሂደት ላይ ነው፤ ታገሺን የኔ ልጅ» ትላታለች። ልጄ ስልኩን አልጋው ላይ ትወረውረዋለች። ከዚያ ወዲህ እኔ ከማድ ቤት «ማህሌት» ብዬ ስጠራት እንኳ ትደነግጣለች። ስለዚህ መጥራት ትቼ በሯን በጣቴ አንኳኳ ጀመር። ሁለታችን ብቻ በምንኖርበት በገዛ ቤቴ የምናገረው በሹክሹክታ ሆነ።

ሌላ ሥራ ብዙ ፈለገች። የሄደችበት ሁሉ ስልኩን የሚመልሰው ማሽን ነው፣ ወይም በቅርቡ ማሽን እናስገባለን ይሏታል። በመጨረሻ ስታዲየም አካባቢ ካለ ኤጀንሲ ጋር ተነጋግራ መጣች፤ አረብ አገር፣ የቤት ሠራተኛ። ዲግሪዋ ፊት ለፊታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ልጄ፣ ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» አልኳት በሹክሹክታዬ።

«ሰው ቤት መሥራት ነውር ነው እንዴ እማዬ?»

«ነውርስ አይደለም። ግን እዚያ ምን እንደሚደርስ እየሰማሽ…»

«እዚያ ቢያንስ ሰው ይፈልጋሉ» አለችኝ።

 የምትፈርምበት ቀን ሲደርስ እሷ ወደ ስታዲየም ስትወጣ እኔም ነጠላዬን ደርቤ፣ የት እንደምሄድ ሳልነግራት ወደ መስታወቱ ሕንፃ ገሰገስኩ። ናሆም እግር ላይም ቢሆን እወድቃለሁ ብዬ ነው። ጥበቃው ቀጠሮ ከሌለኝ እንደማያስገባኝ ነገረኝ፣ ደግ ልጅ ነው፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ረፋዱ ላይ ናሆም ፈረንጆች አስከትሎ ወጣ። ሲያየኝ፣ «ኦ ማዘር!» ብሎ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ። ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ አወራላቸው፤ የኩባንያችን ድምፅ ይቺ ናት ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፣ እነሱም ተራ በተራ ጨበጡኝ። «ማዘር፣ እስኪ አቤት በሉላቸው» አለኝ። አፈር ልብላ፣ አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አብረውኝ ፎቶ ተነሱ። ያ ይሉኝታ የሚሉት በሽታዬ እዚያም አፌን ይዞኝ፣ መኪናው በር እስኪከፈት ድረስ ፈገግ ብዬ ቆሜ ነበር።

ከዚያ እጅጌውን ያዝኩት። «ናሆም ልጄ፣ ማህሌት ልትሄድብኝ ነው። አረብ አገር። አሁን፣ በዚች ሰዓት ልትፈርም ነው። በዚህ ሁሉ ፎቅ ውስጥ ለእሷ አንድ ወንበር አይጠፋም።»

ፊቱ ተለወጠ። እውነቱን ነው፣ አዘነ፤ ዓይኑ ውኃ ሞላ። የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ክፉ ቢሆንልኝ እንዴት በቀለለኝ። «እማዬ ትሙት፣ ማዘር፣ በጣም ነው የማዝነው። ግን ማለቴ፣ እኔ በግሌ እዚህ ውስጥ ከገባሁ ፌር አይሆንም። ሲስተም አለን። በቁጥሩ ይደውሉ፣ ኬዙ ይመዘገባል። እሺ ማዘር? አይጨነቁ፣ በርቱ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ መኪናው ውስጥ ገባ።

አስፋልቱ ዳር ቆሜ ደወልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? «አቤት፣ ጤና ይስጥልኝ» አልኩኝ እኔው፣ ከስልኩ ውስጥ። ለራሴ ልመናዬን ነገርኩ፤ ልጄ አንድ ናት፣ አባት የላትም፣ አስቸኳይ ነው አልኩ። «ይገባኛል የኔ እናት፣ እስኪ ይታገሡኝ» አለችኝ። ታገሥኩ። ሙዚቃ ተለቀቀ፣ ቆመ፣ እንደገና ተለቀቀ። «የሚመለከታቸው ኃላፊ ለጊዜው ወጣ ብለዋል» አለችኝ። ያንን አነጋገር የማያውቀው ማንም ሰው ቢሰማው ሰውየው ሊመለስ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ያን ለስላሳ ድምፅ ለየትኞቹ ሚስቶች አወጣው እንደነበር አውቃለሁ።  በደል የደረሰበት ሰው ደጅ ጠንቶ አቤት ይላል፤ እኔ አቤት ስል መልሳ አቤት የምትለኝ እኔው ነኝ፣ ከኋላዬ ሰው የለም። እንደገና «ይታገሡኝ» ስትለኝ መስመሩ ተቋረጠ። የስልኬ ሒሳብ አልቆ ነበር።

ይህን ጊዜ ናሆምን ተውኩትና ልጄን ብቻ አሰብኩ። አትፈርሚ፣ ጠብቂኝ፣ ሽሮም በልተን ቢሆን አብረን እንኖራለን ልላት ፈለግሁ። ጥበቃውን ስልኩን ለመንኩት፣ ሰጠኝ። ቁጥሯን በቃሌ ነው የማውቀው። ጠራ፤ አነሳችው። ትንፋሼን ለመሰብሰብ ትንሽ ቆም አልኩና፣ «ማህሌት» አልኩ።

«እባክሽ ተይኝ!» አለች። «ጥያቄ የለኝም፣ ሰርዢው ብያለሁ! ለምንድነው የማትተይኝ?»

«እኔ ነኝ ማህሌት። እናትሽ ነኝ።»

 ከበስተኋላዋ የሰው ጫጫታ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል። ከዚያ በደከመ ድምፅ፣ «አሁን ደግሞ እናትሽ ነኝ ማለት ጀመርሽ?» አለችና ዘጋችው።

ደግሜ ደወልኩ፤ የጥበቃውን ቁጥር ዘግታዋለች፣ አይገባም። ታክሲ ያዝኩ፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ስታዲየም ስደርስ ኤጀንሲው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ፈርማለች፣ ፓስፖርቷንም ሰጥታለች። የደወልኩት እኔ እንደነበርኩ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አቅፋኝ አለቀሰች። የሄደችው ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ነው። በዕረፍቷ ቀን ትጽፍልኛለች፤ ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ እመልሳለሁ። ጎረቤቶቼ፣ ልጆቻችን ካሉበት ድምፃችንን ላኩልን ይሉናል ይላሉ። ማህሌት አንድም ቀን ድምፅሽን ላኪልኝ ብላኝ አታውቅም።